ነፋስ እንዳይመታው

ጋሽ አልሞ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ በእንስሳት ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ በቆመችው ፒክአፕ የፊት ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ኮፍያው ዓይኑ ላይ ወርዷል፣ እጆቹ ሆዱ ላይ ተቆላልፈዋል። ቁስል የለው፣ ደም የለው፣ የተንፈራገጠበት ምልክት የለው። ላየው ሰው ምሳውን በልቶ ያሸለበ እንጂ የሞተ አይመስልም ነበር።

ያገኙት የጣቢያው ጽዳት ሠራተኛ እትዬ ዝጉት ናቸው። «ዝጉት» አባታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። ነፋስ ስለሚፈሩ፣ የተከፈተ መስኮት ባዩ ቁጥር «ዝጉት! ዝጉት እንጂ ልጆች፣ ነፋስ ይመታችኋል!» ሲሉ ዓመታት አለፉና ስሙ ላያቸው ላይ ቀረ። የሚያሾፍባቸው ሁሉ ጉንፋን ሲይዘው ሎሚና ማር ፍለጋ የሚሮጠው ግን ወደ እሳቸው ነው። በዚያች ቀን ቀትር ላይ ካፊያው ከነፋስ ጋር ተቀላቅሎ ሲወርድ፣ በመስኮት ነገር ሲስቅባቸው የኖረው የጣቢያው ኃላፊ ዶክተር እንኳ ግቢው ውስጥ አግኝቷቸው «ዛሬስ እውነትዎን ነው፣ እትዬ» ብሏቸው ነበር።

በዘጠኝ ሰዓት ትኩስ ሻይ ይዘውለት ሄዱ። ጋሽ አልሞ ሳል ይዞት ስለሰነበተ አንጀታቸውን በልቷቸዋል። የመኪናዋን በር ሲከፍቱ ከውስጥ ቀዝቃዛ ትንፋሽ ፊታቸውን መታቸውና ራሳቸው ዞረ።

«ጋሽ አልሞ… ተነስ እንጂ፣ ሻይ ይዤልህ መጥቻለሁ።»

ትከሻውን ነካ አደረጉት። ሻዩ ከእጃቸው ወደቀ።

ሊጮኹ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ግን ዓይናቸው ከሟቹ ወንበር ኋላ፣ ወለሉ ላይ አረፈ። የልጅ ልጃቸው የላስቲክ የዝናብ ልብስ እዚያ ተጥሏል። ገለጥ ሲያደርጉት ክዳን የሌለው ነጭ የፎም ሣጥን አገኙ፤ ከሥሩ እንደ ጨው ድንጋይ ያለ ነጭ ስብርባሪ ቀርቷል። አንዱን ሊያነሱ ሲሞክሩ የጣታቸውን ጫፍ እንደ እሳት ለበለባቸው።

ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ለማንም አልተናገሩም። ሣጥኑን በሽርጣቸው ሸፍነው መጥረጊያ በሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል ከባልዲዎቹ ኋላ ደበቁት። የዝናብ ልብሱን አጥፈው ወንበር ላይ አኖሩት። መጮህ የጀመሩት ከዚያ ወዲያ ነው።

የመኪናዋ ሹፌር የልጃቸው ልጅ ነው። እናቱ ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። በዋዜማው ደግሞ ሰው ሁሉ እየሰማ ከጋሽ አልሞ ጋር ተጣልቷል። ሽማግሌው በአነዳዱ ሲያሾፍበት «አንድ ቀን ከነምላስህ እዚችው መኪና ውስጥ ቆልፌብህ እሄዳለሁ!» ብሎታል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ጣቢያው ቀበሮ በመርዝ ይፈጅ ከነበረበት ዘመን የተረፈ የመርዝ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ እንዳለ ደግሞ እትዬ ያውቃሉ። ነጩ ስብርባሪ ያ መርዝ ነው ብለው ደመደሙ። መርዙ በማን ልብስ ተሸፍኖ እንደተገኘም አይተዋል። ይህን ለራሳቸውም ጮክ ብለው አልተናገሩትም። እንደ ፍም ዋጡት።

መደበቃቸው ግን ልጁን አላዳነውም። የሟቹን ምሳ ከምግብ ቤት ያመጣው ሹፌሩ ስለነበረ፣ ፖሊስ ያንኑ ማታ ወሰደው።

*

መርማሪዋ አጠር ያለች፣ አፍንጫዋ በጉንፋን የቀላ፣ ከራሷ የሚበልጥ የእጅ ቦርሳ የምትሸከም ሴት ናት። በሁለት ቀን ውስጥ የጣቢያው ሰው ሁሉ ጠባይዋን አወቀ። አንድ ሰው ታሪክ ማውራት ሲጀምር እጇን ታነሳና «በአፍዎ አይንገሩኝ፤ በእጅዎ ያሳዩኝ» ትላለች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዶክተሩ ቢሮ ገባች። እትዬ ዝጉት ወለሉን እየወለወሉ ነበር። ሊወጡ ሲሉ «ይቀጥሉ እናቴ፣ እርስዎ አይረብሹንም» አለቻቸው። እትዬ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። ልጁ ነገ ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ ሰምተዋል፤ ጆሯቸው እንደ ጥንቸል ቆሟል።

«ሟቹ ሥራው ምን ነበር?» አለች መርማሪዋ።

«በፊት ገዳይ፣ በኋላ መጋቢ።» ዶክተሩ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ዝምተኛ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነው። «ሃያ ዓመት ቀበሮ ላይ ሲተኩስ ኖሯል። አልሞ ስለማይስት ነው ስሙ የወጣለት። እዚህ አካባቢ የእብድ ውሻ በሽታን ከጫካ የሚያመጣው ቀበሮ ነው። ቀበሮው ካለቀ በሽታውም ያልቃል ይባል ነበር።»

«አያልቅም?»

«አንዱን ሲገድሉት ጉድጓዱ ባዶ ይቀራል። ባዶ ጉድጓድ ደግሞ ከሩቅ እንግዳ ይጠራል፤ እንግዳው በሽታውን ይዞ ይመጣል። ጋሽ አልሞ ራሱ ‹ሃያ ዓመት ገደልኩ፤ ቀበሮው ሞተ፣ በሽታው ኖረ› ይል ነበር። አሁን እንከትባቸዋለን።»

«ቀበሮ ጨብጦ መርፌ የሚወጋ ጀግና ከየት ተገኘ?»

«ማን ይይዘዋል! ክትባቱን ምግብ ውስጥ ነው የምንደብቀው። ሠራተኞቹ ‹ኬክ› ይሉታል። ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ ለቀበሮ ግን ከዚያ በላይ ድግስ የለም። ጫካ ውስጥ እየለካን እንጥላለን፤ ሲያኝከው ክትባቱ አፉ ውስጥ ይፈስሳል። ከአሥሩ ሰባቱ ያህል ከበሉ በሽታው መሄጃ ያጣል።»

«ውድ ነው?»

ዶክተሩ ወደ መስኮቱ ዞረ። «አንዱ ኬክ አሥር ጥይት ይገዛል። በዚያ ላይ ከፋብሪካ እስከ ጫካ በቅዝቃዜ እንደ በረዶ ደርቆ መቆየት አለበት። አራት ዓመት ሙሉ ደጅ ጠናሁ። ‹ጥይት ርካሽ ነው፣ ምን ያንቀባርርሃል?› እያሉ ሳቁብኝ። ዘንድሮ ነው የፈቀዱልኝ።»

«መብላታቸውን በምን ታውቃላችሁ?»

«ኬኩ ውስጥ ጥርስና አጥንት ላይ ምልክት የሚተው መድኃኒት አለ። ሞቶ የተገኘ ቀበሮ መንጋጋ በልዩ መብራት ሲታይ፣ በልቶ ከሆነ ቢጫ መስመር ያወጣል።»

«ጋሽ አልሞ መንጋጋ አምጥቶልዎት ነበር?»

«አላመጣልኝም።»

«በሞተበት ቀን ቀትር ላይ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ምሳዬን እዚህ በላሁ፤ ጩኸት እስክሰማ ከዚህ ክፍል አልወጣሁም።»

እትዬ ዝጉት መወልወያቸውን ጨመቁ። ‹ግቢው ውስጥ አግኝቶኝ አልነበር?› አሉ በሆዳቸው። ወዲያው ደግሞ ራሳቸውን ገሠጹ። የተማረ ሰው ስንት የሚያስበው ነገር አለ፤ ከአንዲት አሮጊት ጋር የተለዋወጠውን ቃል ሁሉ ያስታውስ?

መርማሪዋ ወንበር ስባ ወጣችበትና የመጽሐፍ መደርደሪያውን ጫፍ ተመለከተች። አቧራ ሸፍኖታል። አቧራው መሃል ግን የማሰሮ አፍ የሚያህል ክብ የዕቃ ዱካ ታትሞ ይታያል።

«ምን ነበር እዚህ?»

«አበባ ማስቀመጫ ይሆናል» አለ ዶክተሩ።

እትዬ ፊታቸው ጋለ። ወገባቸውን ስለሚያማቸው ያንን መደርደሪያ ካጸዱት ወር አልፎታል። ‹ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ› አሉ። እዚያ የነበረውንም ያውቁታል፦ ጋሽ አልሞ በሳምንቱ መጀመሪያ ያመጣው፣ ሦስት መንጋጋ የያዘ የመስታወት ዕቃ ነው። ግን እኔ ነኝ ያላጸዳሁት ብሎ መናገር፣ ጌታቸውንም ዋሸህ ብሎ ማሳፈር፣ ይህ ሁሉ በአንድ አፍ እንዴት ይወጣል? መወልወያቸውን ባልዲው ውስጥ ነከሩ።

*

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ቀዝቃዛውን መጋዘን ልታይ ሄደች። «እናቴ፣ አብረውኝ ይምጡ፤ ወለሉ ያዳልጣል ይላሉ» ብላ እትዬን አስከተለቻቸው። እትዬ በዚያ ቤት ሥራ ስለሌላቸው እግራቸው ረግጦት አያውቅም።

የመጋዘን ኃላፊዋ ወፍራም፣ ፈጣን፣ ቁልፏን እንደ ጌጥ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል ሴት ናት። በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና በድንጋይ አስደገፈችው።

«ቶሎ አይተን እንውጣ። ብዙ ከቆዩበት ራስ ያዞራል።»

«መርዙ የታል?» አለች መርማሪዋ።

ኃላፊዋ አንድ የዛገ ቆርቆሮ አሳየቻት። ማሸጊያው አልተነካም፤ አቧራውም የዓመታት ነው። መርማሪዋ አየት አድርጋ አለፈችው። ከትልቁ ማቀዝቀዣ ግን አንድ ኬክ አወጣችና ገለበጠችው። ሆዱ ላይ እንደ ወንፊት የተጠላለፈ መስመር ታትሞበታል፤ ከመደርደሪያው ሽቦ ጋር ልክ ነው።

«ሁሉም እንዲህ ናቸው?»

«ሁሉም። ሲመጡ እንኳ እንዲህ አልነበሩም መሰለኝ። እናቴ ሞታ አሥር ቀን ሐዘን ተቀምጬ ስመለስ ነው ያየሁት። ዶክተሩን ብጠይቀው ‹የፋብሪካ ነገር ነው› አለኝ። እሱ ካለ እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ሐዘን ላይ ሳሉ ቁልፉ ማን ጋ ነበር?»

«ሁለተኛው ቁልፍ ሁልጊዜም ዶክተሩ ጋ ነው።»

«ጋሽ አልሞ በሞተበት ቀንስ?»

«እኔ ከተማ ወርጄ ነበር። በሩን ቆልፌ ነው የሄድኩት።»

ከዚያ ኃላፊዋ ወፍራም ጓንት አጠለቀችና ጥጉ ላይ ያለውን ሣጥን ከፈተች። «ጫካ ስንሄድ ኬኩን የምናቀዘቅዝበት ይኸ ነው። ደረቅ በረዶ ይባላል። አይቀልጥም፣ ውሃም የለውም፤ እየጨሰ ጨሶ ይጠፋል።»

ሣጥኑ ውስጥ እንደ ጨው ድንጋይ ያለ ነጭ ነገር ይጨሳል።

እትዬ ግድግዳውን ተደገፉ። መርዝ አልነበረም! የዋጡት ፍም ከሆዳቸው ወጣ ብሎ ተመልሶ ገባ። መርዝ ካልነበረ፣ ታዲያ ልጁን በምን ጠረጠሩት? ሦስት ቀን ሙሉ በገዛ ደማቸው ላይ የፈረዱት በምን ማስረጃ ነው?

መርማሪዋ ወደ ፊታቸው፣ ከዚያ ወደ እጃቸው ተመለከተች።

«ጣትዎን ምን አቃጠለዎት፣ እናቴ?»

«ምድጃ… ምድጃ ነው፣ ልጄ።»

«ምድጃ እንዲህ አንጥቶ አያቃጥልም» አለች በቀስታ። አልጨቀጨቀቻቸውም። መሐረቧን አውጥታ ተናፈጠችና «ነገ በሦስት ሰዓት ሁላችሁም ስብሰባ አዳራሽ ትገኛላችሁ» አለች።

እትዬ ወደ መጥረጊያ ክፍላቸው ሮጡ። ሣጥኑ ከባልዲዎቹ ኋላ እንዳለ ነው። ውስጡ ባዶ ነው፤ የውሃ ጠብታ እንኳ የለውም።

*

በማግስቱ በአዳራሹ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ፦ ዶክተሩ፣ የመጋዘን ኃላፊዋ፣ እትዬ ዝጉት፣ ጥቁር የለበሰችው የጋሽ አልሞ ሚስት፣ እና በሁለት ፖሊሶች መሃል ሹፌሩ። ልጁ ከስቷል። «እማማ፣ እህል ቀምሰሻል?» አላቸው ገና እንዳያቸው። እትዬ አንገታቸውን ደፉ። ከእስር ቤት የመጣው እሱ፣ ስለ ምግብ የሚጠየቁት እሳቸው!

መርማሪዋ ጠረጴዛው ላይ አንድ የፎም ሣጥን አኖረች። ይጨሳል። ከጎኑ የልጁን የዝናብ ልብስ ዘረጋች። ላስቲኩ በየእጥፋቱ እንደ ብርጭቆ ተሰነጣጥቋል።

«የሆስፒታሉ ውጤት ከትናንት በስቲያ ደርሶኛል» አለች። «ጋሽ አልሞ ሆድ ውስጥ ምሳውና የሳል ሽሮፕ እንጂ መርዝ የለም። ያልተነገራችሁ እኔ ስላልፈለግኩ ነው። የገባበት ነገር ከሌለ፣ ያጣው ነገር አለ ማለት ነው። አንተ ልጅ፣ ያ ልብስህ መቼ ነው የተሰነጠቀው?»

«አላውቅም። ያን ቀን ጠዋት ደህና ነበር።»

«ቀትር ላይ የት ነበርክ? ጎማ ላስጠግን ሄድኩ ብለህ ነበር፤ ጎሚስታው ግን ‹ጎማውን ሰጥቶኝ ወዲያው ሄደ› ብሏል።»

ልጁ ወደ አያቱ ሰረቅ አድርጎ አየ። «ሌላ ሥራ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ሩቅ አገር። እማማ እንዳትሰማ ብዬ ነው የደበቅኩት።»

«እሺ። አሁን ከዚህ ሣጥን አንድ ቁራጭ አውጥተህ ስጠኝ።»

ልጁ ባዶ እጁን ሰደደ።

«አትንካው!» ብላ ጮኸች የመጋዘን ኃላፊዋ። «ቆዳህን ይገፍሃል!»

መርማሪዋ ክንዱን ያዘችው። «አያችሁ? ይህ ልጅ በረዶውን ይዞት አያውቅም። ለእሱ የሚሰጠው ታሽጎ ነው። ይዞት የማያውቅ ሰው ደግሞ ሲነካው ጣቱ ይቃጠላል። ጣታቸው የተቃጠለ አንዲት ሴት እዚህ አሉ።» ድምፅዋ ለዘብ አለ። «እናቴ፣ በአፍዎ አይንገሩኝ። በእጅዎ ያሳዩኝ።»

እትዬ ዝጉት ተነሡ። ወጥተው ሄዱና ሣጥኑን በሽርጣቸው ይዘው ተመለሱ። ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ከወንበሩ ኋላ ነበር። የልጁ ልብስ ነበር የሸፈነው። እኔ… እኔ ነኝ የደበቅኩት።»

ልጁ አፉን ከፍቶ አያቸው። እትዬ ሊያዩት አልደፈሩም።

«ሲያነሱት ከበደዎት?»

«ኧረ አልከበደኝም። ባዶ ነው፤ ከሥሩ ነጭ ስብርባሪ ብቻ ነበር።»

«ኬክ አልነበረበትም?»

«አንድም።»

«እንግዲህ» አለች መርማሪዋ፣ «የኬክ ማመላለሻ ሣጥን፣ ኬክ የሌለበት፣ ክዳን የሌለው፣ በረዶው እንዲፈጥን የተሰባበረ። ይህ ስሕተት አይደለም። የሸፈነው ልብስም የተሰነጠቀው በበረዶው ቅዝቃዜ ነው። ደረቅ በረዶ ሲጨስ የሚወጣው አየር አይሸትም፣ አይታይም፤ በተዘጋ ቦታ ግን የሚተነፈሰውን አየር ገፍቶ ቦታውን ይይዛል። እትዬ ‹በሩን ስከፍት ራሴን አዞረኝ› ብለውኛል፤ ያዞራቸው እሱ ነው። የሳል ሽሮፕ ጠጥቶ የሚያንቀላፋ ሽማግሌ ደግሞ አይነቃም። ለምን ተደረገ? እመቤቴ፣ ባለቤትዎ ሰሞኑን ምን ይሉ ነበር?»

የሟቹ ሚስት እንባዋን ጠረገች። «የጎረቤታችንን ሴት ልጅ ቀበሮ ከነከሳት ወዲህ እንቅልፍ አልነበረውም። ልጅቷ መርፌ እየተወጋች ነው። እሱ ሦስት ያበዱ ቀበሮዎች ገድሎ መንጋጋቸውን ለዶክተሩ ወስዶ ነበር፤ በመብራቱ ሲያየው ቢጫው መስመር ነበረበት። ማታ ማታ ‹በልተዋል፤ ግን አብደዋል፤ እንዴት ይሆናል?› እያለ ይገላበጣል። ‹ዶክተሩ ካልነገረኝ አለቆቹን እጠይቃለሁ› ብሎ ነበር።»

መርማሪዋ ከቦርሳዋ በጨርቅ የተጠቀለለ ኬክ አወጣች። «በልተዋል፤ ግን አብደዋል። መልሱ ይኸው። እንደ ድንጋይ የደረቀ ነገር የሽቦ መስመር አይታተምበትም። ይህ ኬክ አንድ ጊዜ ቀልጦ ሽቦው ላይ ተኝቷል፤ ከዚያ እንደገና ደርቋል። ጥርስ ላይ ምልክት የሚተወው መድኃኒት ቢቀልጥም ይሠራል። ክትባቱ ግን ይሞታል። ጫካው በሙሉ የሞተ ክትባት ሲመገብ ከርሟል። ይህ የሆነው ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ብቻ በነበረባቸው አሥር ቀናት ነው። ጋሽ አልሞ በሞተበትም ቀን በረዶው ጋ መድረስ የሚችለው ያው ሰው ብቻ ነበር። ጋሽ አልሞ የወሰደው መንጋጋም ከዚያው ሰው ቢሮ ጠፍቷል፤ መደርደሪያው ላይ የቀረው የዕቃው ዱካ ብቻ ነው።»

የዶክተሩ ፊት አመድ መሰለ። ድምፁ ግን አልተናወጠም። «ቁልፍ ያለው ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው? እኔ ከቢሮዬ አልወጣሁም። ደግሞ ጋሽ አልሞ ለሳሉ ሲል መስኮቱን ሳይከፍት አይተኛም፤ ሁሉም ያውቃል። ተከፍቶ ቢሆን ሣጥኑ ምንም አያደርገውም ነበር።»

«እውነት ነው» አለች መርማሪዋ። «ታዲያ መስኮቱን ማን ዘጋው?»

አንድ በአንድ ሁሉም ወደ እትዬ ዝጉት ዞሩ። ለሃያ ዓመት ያሳቀ ስም ነበር። ያን ጠዋት የሳቀ የለም።

እትዬ መስኮቱን እንደ ጥፋት ቆጥረውት አያውቁም። ትራስ ማቅናት፣ ብርድ ልብስ መደረብ ማለት ነው ለእሳቸው። አሁን መዳፋቸው ላይ የቀዝቃዛው መስታወት ክብደት ተመልሶ መጣ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «እኔ ነኝ የዘጋሁት። ተኝቶ ነበር። መያዣው የተበላሸ ስለሆነ መስታወቱን በሁለት እጄ ወደ ላይ ገፋሁት። ነፋስ እንዳይመታው ብዬ…»

«በራስዎ አስበው ነው?»

ዶክተሩ ቀና ብሎ አያቸው። ዓይኑ ውስጥ ልመና ነበረ። ይህ ሰው ወገባቸውን ሲያማቸው በራሱ መኪና ሐኪም ቤት አድርሷቸዋል፤ ልጁን ሹፌር አድርጎ የቀጠረላቸው እሱ ነው። «አዎ፣ በራሴ» ቢሉ ያልቃል። እሳቸውን ‹አሮጊት ናት› ብሎ የሚምራቸው አይጠፋም። ግን ከጠረጴዛው ማዶ ልጁ በፖሊሶቹ መሃል ተቀምጧል። ሦስት ቀን ሙሉ በሆዳቸው የፈረዱበት ልጅ።

«ልዘጋው አላሰብኩም ነበር፤ ሲዘጋ ሳሉ እንደሚያፍነው አውቃለሁና። ካፊያው ሲጀምር ዶክተር ከመኪናዋ ጎን ቆሞ አገኘሁት። ‹ዛሬስ እውነትዎን ነው፣ እትዬ። ሰውዬው ተኝቷል፤ ነፋስ እንዳይመታው ቢዘጉለት› አለኝ። በሰው ሲያዝን አይቼ ደስ ብሎኝ ዘጋሁት።»



ዶክተሩ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ የራሱ አልመስል ያሉት ይመስል ትኩር ብሎ አያቸው።

«የልጄ ሠርግ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ሦስት ቀን ቀረሁ። ስመለስ ፊውዙ ተቃጥሏል፤ የመጋዘኑ ወለል ውሃ ተኝቶበታል። አራት ዓመት የለመንኩት ሁሉ ቀልጧል። ስልኩን አንስቼ ነበር እኮ። እንደሚስቁ አወቅኩ። ‹አላልንህም? ጥይት ርካሽ ነው› ሊሉ ነው። እንደገና መርዝ፣ እንደገና ጥይት። ስልኩን መልሼ ዘጋሁት። አፈርኩ… ከዚያ ያቺ ልጅ ስትነከስ የባሰ አፈርኩ። እሱ መንጋጋዎቹን ይዞ ሲመጣ ደግሞ ዓይኑን ማየት አቃተኝ።»

«ሰው የገደሉት በሐፍረት ነው?» አለች መርማሪዋ።

የመለሰችው የሟቹ ሚስት ናት።

«ሃያ ዓመት በከንቱ ገደልኩ ብሎ ሲያፍር የኖረ ሰው ነበር እኮ» አለች። «ብትነግረው ኖሮ አብሮህ ያፍር ነበር።»

ዶክተሩ በዚያች ቃል ተሰበረ። ሲወስዱት ሸሚዙ እንደተተኮሰ ነው።

*

እትዬ ዝጉት የሟቹ ሚስት እግር ላይ ሊወድቁ ሲሉ ሴትየዋ በክንዳቸው ያዘቻቸው። ይቅር ብያለሁ አላለችም፤ አልረገመቻቸውም። «ዛሬ አይሆንልኝም፣ እትዬ። ሌላ ቀን ይምጡ» አለችና ሄደች። እትዬ ከእርግማን ይልቅ ይህች ቃል ከበደቻቸው።

ልጁ ተፈታ። ጎን ለጎን ሆነው በአውቶቡስ ወደ ቤት ተጓዙ። ካፊያው አባርቷል፤ ነፋሱ ግን አለ። ልጁ ወደ እሳቸው ዞረና፣

«እማማ፣ ያንን ሣጥን ስትደብቂው… እኔ ነኝ ብለሽ ነው?» አላቸው።

መዋሸት ይችላሉ። ‹እንዳትጠረጠር ብዬ ነው› ቢሉ ግማሹ እውነት ነው። የቃጠሎው ውኃ የቋጠረበትን ጣታቸውን በሌላ እጃቸው ደበቁ፤ ከዚያ መደበቁን ተዉት።

«አዎ፣ ልጄ። አንተ ነህ ብዬ ነበር።»

ልጁ ፊቱን አዞረ። ሁለት ፌርማታ አለፈ። ሦስተኛው አለፈ። የተቀደደ አውራ ጣቱን ጥፍር እየነከሰ ውጭ ውጭውን ያያል፤ ሕፃን ሆኖ ሲያኮርፍ ልክ እንዲህ ነበር የሚያደርገው።

አውቶቡሱ ወደ ዳገቱ ሲታጠፍ ነፋሱ በመስኮቱ ገብቶ የአሮጊቷን ሻሽ አነሣው። ልጁ ሳያያቸው፣ ገና እንዳኮረፈ፣ እጁን ወደ መስታወቱ ሰደደ።

«ይመታሻል» አለ።

እትዬ ዝጉት እጁን ያዙት።

«ተወው፣ ልጄ» አሉ። «ይግባ።»